ሁለት ቢሮ በሞደም፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ሞደሞቻችን (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኙት) በሰከንድ 56 ኪሎቢት ይላሉ፤ ሁለቱን ቢሮ ስናገናኝ ግን ከ33.6 አያልፉም። ተበላሽተው ነው?

ደህና ናቸው። 56 የሚገኘው አንደኛው ጫፍ ከስልክ ማዞሪያው ጋር በዲጂታል መስመር ሲገናኝ ነው፤ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ለስልክ ጥሪ ይጠቀሙ የነበረው እንዲያ ዓይነቱን ነው። ሁለቱም ጫፍ ተራ ስልክ ከሆነ ጣሪያው 33.6 ነው። በሰከንድ 4 ኪሎባይት ገደማ ብላችሁ አስሉ፤ 1 ሜጋባይት ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

መስመሩ ይያያዛል፣ የይለፍ ቃሉም ያልፋል፤ የዋናው ቢሮ ሰርቨር ግን ለፒንግ (አለህ ወይ ለሚለው የሙከራ መልእክት) አይመልስም።

ሁለቱም ቢሮ በአንድ የኔትወርክ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.0 ላይ ካሉ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን እዚያው ቢሮ ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ወደ ራውተሩ (መረጃውን ወደ ሌላው ቢሮ ወደሚያሻግረው መሣሪያ) አይልክም። ቅርንጫፉን ወደ 192.168.2.0 ቀይሩት። ቁጥሮቹ ድሮውንም የተለያዩ ከሆኑ ከራውተሩ ራሱ ፒንግ አድርጉ። ከራውተሩ እየሠራ ከኮምፒውተሩ እምቢ ካለ፣ በዋናው ቢሮ በኩል ወደ ቅርንጫፉ የሚመልስ ሩት (የመንገድ መመሪያ) አልተጻፈም ማለት ነው። ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው።

ራውተሩ ማንም በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ይደውላል።

የራውተሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ክፈቱና ጥሪውን ያስነሳው የትኛው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) እንደሆነ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ስም ፍለጋ (ፖርት 137)፣ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ጥያቄ ወይም ሰዓት ማስተካከያ (ፖርት 123) ነው። እነዚህ መስመሩ ክፍት ሲሆን ይለፉ፤ ጥሪ እንዳያስነሱና የሥራ ፈት ሰዓቱን (ሥራ ሲጠፋ መስመሩን የሚዘጋውን ቆጠራ) እንዳያድሱ ግን ከልክሏቸው።

የሂሳብ ፋይላችን የማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ ነው። ከቅርንጫፍ ስንከፍተው ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ሁለት ጊዜም ተበላሽቷል።

በዚህ መስመር አክሰስን በጋራ ፎልደር መክፈት በጭራሽ አይመከርም። ሥራውን የሚሠራው የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ስለሆነ መረጃው ሁሉ በስልኩ ተጎትቶ ይመጣል፤ እየጻፈ ሳለ መስመሩ ሲቆረጥ ፋይሉ ይበላሻል። ፕሮግራሙ ዋናው ቢሮ ይሥራ፤ በሪሞት ዴስክቶፕ የሚመጣው ስክሪኑ ብቻ ይሁን። ቀለሙን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፣ የጀርባ ሥዕሉን አጥፉ፣ የሥዕል ካሹን (አንዴ የመጡ ሥዕሎችን የሚያስቀምጠውን) አብሩ። ያኔ መስመሩ ቢቆረጥም ፕሮግራሙ እዚያው ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ፊደል ስትጽፉ እየዘገየ ከመጣ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) በሁለቱም ጫፍ ወደ 576 ባይት ዝቅ አድርጉ። 1500 ባይት ያለው ፓኬት መስመሩን ከሲሶ ሰከንድ በላይ ይይዛል፤ የጻፋችሁት ፊደል ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። 576 ግን በ0.14 ሰከንድ ያልፋል። በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ማተም ሌላው ጣጣ ነው፦ ሎጎ ያለበት አንድ ገጽ ስክሪኑን ለደቂቃዎች ሊያስቆመው ይችላል።

የሌሊቱ ባካፕ 40 ሜጋባይት ነው፤ ሲቋረጥ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ባይቋረጥ እንኳ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። አርሲንክ የሚባለውን የቅጂ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። የመጀመሪያውን ቅጂ በሲዲ አድርሱት። ፋይሉን አስቀድማችሁ ዚፕ አታድርጉ፦ ትንሽ ለውጥ ዚፑን በሙሉ ስለሚቀይረው አርሲንክ የሚቆጥበው አያገኝም፤ መጭመቁን በራሱ «ዜድ» (-z) አማራጭ ይሥራው። ለመቋረጡ ያልተጨረሰውን ፋይል ለብቻው የሚያስቀምጠውን «ፓርሻል-ዲር» (--partial-dir) ምረጡ። «ፓርሻል» ብቻውን የትናንቱን ደህና ቅጂ በግማሽ ፋይል ይተካዋል።

ሁለተኛ ስልክ ብንጨምርስ?

ሁለቱም ራውተሮች መልቲሊንክ (ሁለት መስመርን እንደ አንድ የማሠራት ችሎታ) ካላቸው ፋይል ማስተላለፉ በእጥፍ ሊፈጥን ይችላል። የሞደሙ የራሱ መዘግየት ግን አይቀንስም።