የጀልባ ምሰሶ ብቻህን ስታነሳ ክብደቱን ሳይሆን ጎኑን ፍራ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። 6 ሜትር ተኩል የሸራ ጀልባህን በተሳቢ ጎትተህ ከአዲስ አበባ ወሎ ውስጥ ወዳለው፣ ስሙም ሐይቅ ወደሚባለው ሐይቅ ልታመጣ ነው። ምሰሶዋ 7 ሜትር ተኩል ይረዝማል፣ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። «ያለ ረዳት እንዴት ላቁማት?» ነው ያልከው። ወሎ መጥቶ ያለ ረዳት መዋል ራሱ ከባድ ነው። ውሃው ዳር ቆመህ አንድ ረጅም ነገር ማንሳት ስትጀምር ሳትጠራው አስር ሰው ይደርስልሃል።

ግን አብሽር፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ዱባይ ጀልባ ማቆሚያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ከአንተዋ የምታንስ አንድ አሮጌ ጀልባ ይዤ ሐይቅና አርድቦ በሚባሉት ሁለት ሐይቆች ላይ ስቀዝፍ ከርሜያለሁ። ምሰሶዋን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ አልቆጠርኩም። የጣልኩት ግን አንዴ ነው። እሱን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ። 20 ኪሎ ለአንድ ሰው ምንም አይደለም፤ አንድ ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። ችግሩ ጀሪካኑ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ምሰሶው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ታችኛው ጫፉ በማጠፊያው ፒን ታስሮ ሳለ፣ ከአናቱ ገመድ አስረህ ከጀልባዋ አፍንጫ ብትስበው ገመዱ ከምሰሶው ጋር ትይዩ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ የምትስበው ጉልበት ምሰሶውን አያነሳውም፤ ወደ መቆሚያው ይገፋዋል እንጂ። አናቱን በድጋፍ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገህ እንኳ ከ150 ኪሎ በላይ መሳብ ይጠበቅብሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «ከባድ ነው» ብሎ የሚተወው።

መፍትሔው ገመዱን ከፍ የሚያደርግለት ነገር ነው። እኔ ሁለት ቀጥ ያሉ የባህር ዛፍ አጣናዎች ጫፋቸውን አንድ ላይ አስሬ፣ እግራቸውን በምሰሶው ግራና ቀኝ ከፍቼ አቆማቸዋለሁ። እንደ ድንኳን በር አስበው። ከፍታው 2 ሜትር ይበቃል። እግሮቹ ከፒኑ ጋር በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ፤ ደግሞ እንዳይንሸራተቱ ይታሰሩ። የፊት ሸራውን ወደ ላይ የሚስበውን ገመድ ከምሰሶው አምጥተህ የአጣናዎቹ አናት ላይ ታስራለህ። ከዚያ አናት ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ደግሞ ፑሊዎቹን ትዘረጋለህ። አሁን ገመዱ ምሰሶውን በጥሩ ማዕዘን ይይዘዋል። አፍንጫዋ ከፒኑ 2 ሜትር ተኩል ብትርቅ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልግህ 45 ኪሎ ያህል ነው። ገመዱ በፑሊዎቹ አራት እጥፍ ከሄደ ወደ 11 ኪሎ ይወርዳል። ለሰበቃው ጨምርና 15 በል። በአንድ እጅህ ትስበዋለህ። 20 ሜትር ገመድ ይዘህ ና፤ አራት እጥፍ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። እጅህን ስትለቅ ገመዱን ነክሶ የሚይዝ መቆለፊያ ያለው ፑሊም ፈልግ። ብቻህን ስትሆን ዋናው ረዳትህ እሱ ነው።

ይህን ያህል በየትም ታገኘዋለህ። ሰዎች የማይነግሩህ የጎኑን ነገር ነው።

ምሰሶውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሽቦዎች የሚወጠሩት ምሰሶው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። የሚታሰሩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከፒኑ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ምሰሶው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ሽቦዎቹ ላልተው ተንጠልጥለዋል፤ አንድም ነገር አልያዙም። በዚያች ሰዓት 7 ሜትር ተኩል ብረት በአንዲት ፒን ላይ ብቻ ነው ያለው። ተሳቢው ትንሽ ካዘነበለ፣ ወይም ሽው የሚል ንፋስ ከጎን ከመጣ፣ ይሄዳል።

የእኔም እንደዚያ ነው የሄደው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሐይቅ ዳር። ጎኑን የሚይዙ ገመዶች ማሰር አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰነፍኩ። ምሰሶው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ንፋስ መጣ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተኛ። ቀስ ብሎ ነው የምልህ፤ ግን የሚያቆመው የለም። ፒኑ ተጣመመ፣ መቆሚያው ከነብሎኑ ከጀልባዋ ጣሪያ ተነቀለ። እግዜር ይመስገን፣ ማንም ሥሩ አልነበረም። ደሴ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ በያጅ ለመንኩ። በያጁ የተጣመመውን አገላብጦ አይቶ «ይሄ የምን መኪና ነው?» አለኝ።

ስለዚህ ይህን አድርግ። የጀልባዋ ጣሪያ ላይ፣ ከፒኑ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ጠንካራ ቀለበቶች በብሎን እሰር። ቀለበቶቹ ከፒኑ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይውጡ። ክር ወጥረህ ለካቸው። ምሰሶው ላይ፣ ከፒኑ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ሁለት የማይለጠጡ ገመዶች አስረህ ወደ ቀለበቶቹ አምጣና አጥብቅ። ቀለበቶቹ በፒኑ መስመር ላይ ስለሆኑ ምሰሶው ሲነሳ ገመዶቹ አይላሉም፣ አይጠብቁምም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጎኑን ይዘውልሃል። አንድ ሳንቲ ሜትር ብትስት ችግር የለም፤ አንድ ስንዝር ብትስት ግን ወይ ይላላሉ፣ ወይ እየጠበቁ መሀል ላይ ያስቆሙሃል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገርህ። ተሳቢውን ከመኪናው አትፍታ። ጎማው ሥር ታኮ አድርግ፣ የጀልባዋን ወርድ በውሃ ልክ እይ። ስትስብ በየአንድ ሜትሩ ቆም ብለህ የጎን ሽቦዎቹን ጫፍ ተመልከት። የማጥበቂያ ብሎናቸው ጠርዝ ላይ ተሰንቅሮ መጣመም ይወዳል። ምሰሶው ቀጥ ካለ በኋላ የፊቱን ሽቦ አፍንጫዋ ላይ ሳታስር ፑሊውን እንዳትፈታ። የፒኑንም መቆለፊያ በዓይንህ ሳይሆን በጣትህ አረጋግጥ።

ንፋስ ሳይነሳ፣ ጠዋት አድርገው። ታንኳ ቀዛፊዎቹም በጠዋት የሚወጡት በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ቀና በል። ምሰሶህ አሉሚኒየም ነው። መንደሩን የሚያቋርጡት የኤሌክትሪክ መስመሮች 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ይሸከማሉ፤ ለመግደል መነካትም አይጠብቁም፣ መጠጋት ይበቃቸዋል። ምሰሶው የሚያልፍበትን ሰማይ ሁሉ፣ ከዚያም እስከ ውሃው ድረስ ያለውን መንገድ ተመልከት። ምሰሶ አቁሞ ተሳቢ ማንቀሳቀስ የሚሉትን ነገር እኔ አልወደውም። ካስገደደህ በእግርህ ሄደህ ካየኸው መስመር አትውጣ።

ሲወርድ ደግሞ ያው ሥራ ወደ ኋላ ነው፤ ሰው ግን ደክሞት፣ መሽቶበት ስለሚያደርገው ይጠነቀቅ የነበረውን ይረሳል። የፊቱን ሽቦ ከመፍታትህ በፊት አጣናዎቹና ፑሊው ተወጥረው መያዛቸውን እይ። የጎን ገመዶቹም ቀድመው ይታሰሩ። ምሰሶው መጀመሪያ አልወርድም ይላል፤ በእጅህ ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፋው ክብደቱ ገመዱ ላይ ይመጣል። መጨረሻ አካባቢ ክብደቱ የሚብስ መሆኑን አትርሳ።

አሁን ስለ ረዳቶቹ። መምጣታቸው አይቀርም። እኔ አንዴ አራት ጎረምሶች አግዘውኝ ነበር፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል፣ ሁለቱ ይከራከራሉ። ምሰሶው ዳንስ የተማረ መሰለ። ገመዱን ለማንም አትስጥ። ክፉም አትናገራቸው፣ እንግዳ ነህ። አንዱን ልጆቹን እንዲያርቅልህ ለምነው፤ ከምሰሶው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ወደ 11 ሜትር። ሌላውን ንፋሱን ጠብቅልኝ በለው። ደስ ይለዋል።

ለመንገዱ ደግሞ ምሰሶውን ሦስት ቦታ እሰረው፣ ከኋላ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥል። ጣርማበር ላይ አንዴ፣ ኮምቦልቻ ላይ አንዴ ወርደህ ገመዱን ፈትሽ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየተንቀጠቀጠ የማይላላ ቋጠሮ የለም።

አጣና ፈልገህ አትድከም፤ የእኔዎቹ ቤት ቆመዋል፣ ልኩም ለጀልባህ ይሆናል። መምጫህን ቀን ጻፍልኝና ይዣቸው እመጣለሁ። ገመዱን ግን አልነካም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ንፋሱን እጠብቅልሃለሁ።