ሞለኪውልን በብርሃን ማንበብ፦ የስፔክትሮስኮፒ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከሰሜን ሸዋ የኬሚስትሪ ተማሪዎችና ጀማሪ መምህራን የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መምህር፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በሞለኪውላዊ ስፔክትሮስኮፒ ተመራማሪ ለመሆን መንገዱ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ዶክትሬት፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ውጭ አገር የድኅረ ዶክትሬት ሥራ። ማዕረጉ ከሌክቸረር ተነስቶ በረዳትና በተባባሪ ፕሮፌሰርነት አልፎ ፕሮፌሰር ላይ ይደርሳል፤ መወጣጫው የታተመ ጥናት ነው። ግብጻዊው አህመድ ዘዌል የመጀመሪያ ዲግሪውን አሌክሳንድርያ ሠርቶ፣ ዶክትሬቱን አሜሪካ አግኝቶ፣ በ1999 በፌምቶሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) ስፔክትሮስኮፒ የኬሚስትሪ ኖቤል ወስዷል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ኬሚስትሪው ላይ ሳይሆን ሒሳቡ ላይ ነው። ሊኒየር አልጀብራና ኳንተም ሜካኒክስ ከሒሳብና ከፊዚክስ ክፍል ሄደህ ተማር። በ1971 ኖቤል የተሸለመው ገርሃርድ ሄርዝበርግ ራሱ በትምህርቱ ፊዚሲስት ነበር፤ ሽልማቱ ግን የኬሚስትሪ ነው።

ጥያቄ (ከደነባ)፦ የኢንፍራሬድ ናሙና በፖታሲየም ብሮማይድ ስጫን ክቡ ይደበዝዛል፤ 3400 (በሞገድ ቁጥር፣ cm⁻¹) አካባቢም ሰፊ ጉብታ ይወጣል።

መልስ፦ ጉብታው ውሃ ነው፤ 1640 አካባቢም ታናሹን ታገኘዋለህ። ጨው (ፖታሲየም ብሮማይዱ) እርጥበት ይስባል፤ በክረምቱ ጉም ደግሞ ይብሳል። ዱቄቱን 110 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አድርቀህ ማድረቂያ ባለበት ዕቃ ውስጥ አቀዝቅዘው። 1 ሚሊ ግራም ናሙና ለብቻው ደቁስ፤ ከዚያ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ጨው ጨምረህ ቀላቅለው። ጨውን አብዝተህ ከደቆስክ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። 13 ሚሊ ሜትር በሆነው ሻጋታ፣ አየሩን በፓምፕ እየሳብክ፣ ከ8 እስከ 10 ቶን ለ2 ደቂቃ ተጫነው። መነሻ መስመሩ ወደ ግራ ካዘቀዘቀ ቅንጣቱ ገና ሻካራ ነው፤ ለጣት የለሰለሰ ሁሉ ለብርሃን አልለሰለሰም። ጫፎቹ ዜሮ ላይ ከተደፉ ናሙናው በዝቷል። 2349 ላይ የሚታየው ያንተው ትንፋሽ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ነው፤ ያለ ናሙና የሚወሰደውን የባዶውን ንባብ እንደገና ውሰድ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ከሃይድሮጂን ክሎራይድ ስፔክትረም የቦንድ ርዝመት ሳሰላ 1.32 አንግስትሮም መጣ፤ መጽሐፉ 1.27 ይላል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ የሽክርክሪት ቋሚውን (B) ለማግኘት የሁለት ጎረቤት መስመሮችን ርቀት ለ2 አካፍለሻል። ርቀቱ እኩል አይደለም፤ በአር በኩል (የሽክርክሪት ደረጃው በአንድ በሚጨምርባቸው መስመሮች) እየጠበበ፣ በፒ በኩል (በአንድ በሚቀንስባቸው) እየሰፋ ይሄዳል፤ ሞለኪውሉ ይበልጥ ሲርገበገብ ቦንዱ በአማካይ ይረዝማልና። በ2925.9 እና በ2906.2 መካከል ያለውን ለ2 ብታካፍይ 9.85 ይወጣል፤ ያ ነው ወደ 1.32 የወሰደሽ።

እንዲህ አድርጊ (ከአርና ከፒ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመነሻው የሽክርክሪት ደረጃ ነው)። አር 0 (2906.2) እና ፒ 2 (2843.6) መድረሻቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው 62.6 ለ6 ሲካፈል 10.43፣ ይህ የታችኛው የርግብግቢት ደረጃ B ነው። አር 1 (2925.9) እና ፒ 1 (2865.1) መነሻቸው አንድ ነው፤ 60.8 ለ6 ሲካፈል 10.13፣ ይህ የላይኛው B። ልዩነታቸው 0.30 ነው፤ ግማሹን በታችኛው ላይ ደምሪ፤ 10.58 ይሆናል። አሁን 16.858ን (ቋሚ ቁጥር ነው) በ10.58 እና በ0.9796 (የተቀነሰው ክብደት) ብዜት አካፍለሽ ስኩዌር ሩት ውሰጂ፤ 1.275 ይወጣል።

እያንዳንዱ መስመር ጥንድ ሆኖ ይታያል፤ ሁሉንም ከረጅሙ መስመር ለኪ። በስተ ዝቅተኛው ጎን 2 ያህል ራቅ ብሎ የሚታየው አጭሩ የከባዱ አይሶቶፕ፣ የክሎሪን 37 ነው፤ ብዛቱ የክሎሪን 35ቱ ሲሶ ያህል። መሣሪያውን በ4 cm⁻¹ ጥራት ከነዳሽው ሁለቱ ይዋሃዳሉ፤ 1 ወይም ከዚያ በታች አድርጊው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የደጋው ከፍታ ውጤት ያበላሻል?

መልስ፦ የመስመሮቹን ቦታ አይነካም። የጋዝ መጠን ስታሰላ ግን ተጠንቀቅ፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 540 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ክፍት ሴል (የጋዝ መያዣ) ሞልተህ እንደ ባሕር ወለል 760 ብለህ ከጻፍክ ስህተትህ ከሲሶ በላይ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መሣሪያው በሌለበት ቦታ ሆነን ምን እንሥራ?

መልስ፦ የጋዞች መስመር ዝርዝር ሂትራን በተባለው የመረጃ ቋት ላይ፣ የብዙ ውህዶች ስፔክትረም ኒስት ዌብቡክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ኦርካ የተባለው የኳንተም ኬሚስትሪ ፕሮግራምም ለትምህርት ተቋማት ነፃ ነው። ቢ3ሊፕ (B3LYP) በተባለው የስሌት ዘዴ ያሰላችሁት ድግግሞሽ ከተለካው በጥቂት በመቶ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ እንደ ቤዚስ ሴቱ (ኤሌክትሮኖቹን ለመግለጽ እንደተመረጡት ፈንክሽኖች) በ0.96 አካባቢ ባለ ቁጥር አባዙት። አንድም አሉታዊ ድግግሞሽ ከወጣ ግን ከማባዛታችሁ በፊት ወደ ሞለኪውሉ ቅርጽ ተመለሱ፤ ገና አልተረጋጋም ማለት ነው።