የእናት እጅ ሥራ ግድግዳ ላይ ሲወጣ፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ፍሬም እሠራለሁ፣ ሰፌድ፣ ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ)፣ ጥልፍ፣ ያገር ቤት እጅ ሥራ ሁሉ ይመጣልኛል። እንዴት እንስቀለው የምትሉት ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ሁሉም ጋ የምደግመው አንድ ነገር ነው፦ ተመልሶ የማይፈታ ነገር አታድርጉበት። ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ፕላስተር፣ ስቴፕለር እቃው ላይ አይድረስ። የመጀመሪያ የሰቀልኩት የእናቴን ሰፌድ ነበር፣ ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ለጠፍኩትና ክረምት ሲገባ ኮምፔንሳቶው ተጣመመ፣ ሰፌዱን ለማላቀቅ ስሞክር የጀርባው ስንደዶ ከኮላው ጋር ተላጦ ቀረ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ግን አንስታ በእጇ ስትዳብሰው አይቻለሁ፣ ያ ነገር እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የአያቴ ባና አለን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ላውጣው ብዬ ነበር፣ አራቱን ጠርዝ በሚስማር ብመታው ይይዛል ወይ?

ይይዛልማ፣ ግን ለባናው አይሆንም። የመንዝ በግ ፀጉር ከባድ ነው፣ አራት ሚስማር ላይ ስታንጠለጥለው ክብደቱ ሁሉ አራት ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ቀስ በቀስ ቀዳዳው ይሰፋና መሃሉ ይረግባል። ክብደቱ በላይኛው ጠርዝ እኩል መከፋፈል አለበት። ቬልክሮ ግዢ፣ ያ ጫማ ላይ ያለው ሲላቀቅ ጨርርር የሚለው፣ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለስላሳውን ወገን መጀመሪያ ሰፋ ያለ የአቡጀዲ ቁራጭ ላይ በመኪና ስፊው፣ ከዛ አቡጀዲውን ባናው ጀርባ ላይ በእጅ፣ በጥጥ ክር፣ ሳትጎትቺ ስፊው። ባናው ላይ መኪና እንዳይነካው። ሻካራውን ወገን ደሞ ግድግዳው ላይ የምትመቺው ጣውላ ላይ በስቴፕለር አጣብቂው፣ ስቴፕለሩ ጣውላውን ነው የሚነካው ባናውን አይደለም። ጣውላው የባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፣ በአቡጀዲም ይጠቅለል፣ እርጥብ እንጨት ሱፉ ላይ እድፍ ይተዋል። አቡጀዲው አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ቀቅለሽ አጥቢው፣ ማጠንከሪያ ስታርች አለበት።

በዚህ መንገድ የተሰቀለ ባና እንግዳ ሲመጣ ተነቅሎ ሊታይ፣ ሊራገፍ፣ ተመልሶም ሊሰቀል ይችላል። በየዓመቱም አውርደሽ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጥቂት ወራት አሳርፊው፣ ሁሌ ተንጠልጥሎ መኖር ያደክመዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ሰፌዱ ራሱ ማንጠልጠያ አለው፣ በሱ ብሰቅለውስ?

ማጀት ውስጥ ለሚወርድ ለሚወጣ ሰፌድ በቂ ነው፣ ለዓመታት ቋሚ ሆኖ ለሚቀመጥ ግን ጠርዙን ይጎትተዋል። እኔ የማደርገው ሦስት ኤል ሚስማር (እንደ L ፊደል የታጠፈ) ነው፣ ሁለቱ ከታች እንደ መዳፍ ይሸከሙታል፣ አንዱ ከላይ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ሚስማሩ ራቁቱን እንዳይነካው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ልባሱን ገፈህ አልብሰው፣ ቀለሙን ከግድግዳው ጋር አመሳስለህ ከመረጥከው ከሩቅ አይታይም። ብሎኬት ከሆነ በስድስት ቁጥር ድሪል በስተህ ፊሸር (ሚስማሩን የሚይዝ ፕላስቲክ) ክተትበት። ጭቃ ቤት ከሆነ ግን ፊሸር አይዝም፣ ግድግዳውን በጣትህ እያንኳኳህ ሂድ፣ ድምፁ ድፍን የሚልበት ጋ ቋሚው እንጨት አለ፣ እዛ ምታ።

ደሞ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ይበል። በኛ ክረምት ግድግዳ ያልበዋል። የጠርሙስ ቡሽ በስሱ ቆርጠህ ሚስማሮቹ ሥር አድርግ፣ በጀርባው አየር ይለፍ።

ጥያቄ (ከሞላሌ፣ እናታችን ናቸው በልጃቸው ያስጻፉት)፦ የሱፍ ዝተቴን ብል በላው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት ግን ተመልሶ መጣ።

እትዬ፣ ፀሐይና ማራገፍ ትሉን ያባርራል እንቁላሉን ግን አይጨርስም፣ ለዛ ነው የተመለሰብዎት። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ባለሱቅ ጎረቤት ካለ ይለምኑልኝ። ዝተቱን አጣጥፈው በወፍራም ላስቲክ ይጠቅልሉት፣ አየሩን ጨምቀው አስወጥተው በፕላስተር ጥብቅ አድርገው ያሽጉት (ፕላስተሩ ላስቲኩን ነው የሚነካው)፣ ከዜሮ በታች 18 ወይ 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ሲያወጡት ወዲያው እንዳይፈቱት! አንድ ቀን ሙሉ ከነላስቲኩ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ጤዛው ሱፉ ላይ ያርፍና ሌላ መዘዝ ነው። ከዛ ይፍቱት፣ በረዥሙ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። የብል ኪኒን ደሞ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አያድርጉብኝ፣ ሽታው ለጤናም ጥሩ አይደለም። የተበላውን ቦታ በሱፍ ክር በልጅዎ እጅ ያስጠግኑት፣ መጠገኑ ቢታይም ምንም አይደል።

ሰፌድና መሶብ ላይ ነቀዝ ዱቄት ካያችሁም ይሄው የፍሪዘር ዘዴ ይሠራል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እናቴ በልጅነቷ የጠለፈችው ጥልፍ አለ፣ መስታወት ቤት ወስጄ ፍሬም ባስገባው ቀለሙ ይጠፋል ይሉኛል።

መስታወቱ አይደለም የሚያጠፋው፣ ብርሃኑ ነው፣ ተራ መስታወት ደሞ ብዙም አይከላከልም። ባለፈው አንዲት እህት መስኮት ፊት ለፊት አሥር ዓመት የተሰቀለ ሰፌድ አመጣችልኝ፣ ከፊት ገለባ መስሏል፣ ገልብጬ ጀርባውን ሳየው የአለላው (ቀለም የተነከረው ሣር) ቀይ ትናንት የተነከረ ይመስል ነበር፣ እሷም አይታ ዝም አለች። ስለዚህ መስኮት በሌለው ግድግዳ፣ ኮሪደርም ቢሆን። ፍሬሙን ደሞ እንዲህ አሠሪው፦ ለጀርባው የሚገባውን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) በታጠበ አቡጀዲ አልብሺው፣ ጥልፉን አቡጀዲው ላይ ዙሪያውን በቀጭን ክር በትናንሽ ስፌት ያዢው፣ አትወጥሪው። ጥልፉና መስታወቱ መነካካት የለባቸውም፣ በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ይግባ። ተነካክቶ ላብ ከያዘው ሻጋታ ነው። ባለሙያው «በኮላ ልለጥፈው ቀጥ ይላል» ካለሽ እቃሽን ይዘሽ ውጪ።

አጫጭሮቹን ባንድ ልመልስ። የአገልግል ቆዳ ደረቀብኝ ላላችሁ፣ ቅቤ አትቀቡ፣ ቅቤው ይሸትታል ነፍሳትም ይጠራል፣ ደረቅ ጨርቅ ብቻ፣ ከምድጃም አርቁት። ከአንኮበር ብራና ላይ የተሳለ ሥዕል አለኝ ላልከው ወንድሜ፣ ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይዘረጋል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ከለጠፍከው ይቀደዳል፣ አራት ትናንሽ የወረቀት ኪስ ሠርተህ ጥጎቹን ብቻ ክተትባቸው፣ መንቀሳቀሻም ይኑረው። መሶብ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከክዳኑ ጫፍ አታንሱት፣ ሁሌ ከሥሩ በሁለት እጅ። የቡና ጭስና እጣን በሚጨስበት በላይ ሰፌድ አትስቀሉ፣ ጥላሸቱ ስፌቱ መሃል ይገባል፣ በውሃ ልጠብህ ስትሉት ደሞ አለላው ይለቃል፣ አንዴ ከለቀቀ መመለሻ የለውም። አቧራ በደረቅ የቀለም ቅብ ብሩሽ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ዙሩን ተከትላችሁ።

ጥያቄ (ከምንጃር)፦ ቤታችን ያሉትን ሦስት ሰፌዶች ማን ማን እንደሠራቸው እናቴ ብቻ ናት የምታውቀው፣ ይሄን እንዴት አድርጌ ላቆየው?

ይሄን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ሰው ፍሬም ያሠራና የሠራችውን ሴት ስም ይረሳል። ዛሬ ማታ እናትሽን ጠይቂያት፣ የሠሪዋን ስም፣ ከየት ቀበሌ እንደነበረች፣ ለማን ሰርግ እንደሰፋችው፣ ስትናገር ድምፅዋን በስልክሽ ቅጂው። ከዛ የታጠበ አቡጀዲ የመዳፍ ያህል ቆርጠሽ ጻፊበትና በሁለት ስፌት ብቻ ጀርባው ላይ አያይዥው። ሰፌዱ ላይ በቀጥታ አትጻፊ። በእርሳስ ይሁን፣ የእስክርቢቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ወደ ፊት ይወጣል።