የድሮው ባለ አንድ ስለት መላጫ በአንድ ወገን ብቻ ሲቧጥጥ

በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የሚከተለውን ጽፈውልኛል። ባለ አምስት ምላጩ የፕላስቲክ መላጫ አንገታቸውን በብጉር ስለሞላው፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ጄም የተባለውን፣ ሰብሳቢዎች «1912» እያሉ የሚጠሩትን ባለ አንድ ስለት መላጫ ገዙ። በመላጫው ራስ ግራ ጫፍ ሲላጩ ጺሙ ያለ አንዳች ሕመም ይነሣል፤ የቀኙ ጫፍ ያረፈበት ቆዳ ግን ይቧጠጣል፤ ከአገጫቸው ሥርም ሁለት ጊዜ ደምቷል። አዲስ ምላጭ ቢያስገቡም ለውጥ አላገኙም። «በቀኝ በኩል ያለችውን የምላጭ ማቆሚያ በፒንሳ ልጠምዝዛት ወይስ መላጫው አልቆለት ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ክቡር ጠያቂዬ፣ መላጫዎ አላለቀለትም፤ ፒንሳውን ግን ለጊዜው ያስቀምጡት። እንዲህ ያለው ጉድለት ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሊመነጭ ይችላል፤ ከሦስቱ በጠመዘዛ የሚስተካከለው አንዱ ብቻ ነው። ቀድሞ ሳይለዩ ማጠፍ ደግሞ መቶ ዓመት ገደማ የቆየን ዕቃ በአንድ ደቂቃ ሊያበላሽ ይችላል።

በመጀመሪያ የመላጫው ራስ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። የካምፍ ወንድማማቾች በ1880 በኒውዮርክ የፈጠራ መብት ያገኙበት የመጀመሪያው ባለ አንድ ስለት መላጫ ወፍራም፣ በየጊዜው በቆዳ እየተፋተገ የሚሳል ምላጭ ነበረው። በኋላ የመጡት እንደ ጄምና ኤቨር-ሬዲ ያሉት መላጫዎች ግን ስለቱ ሲያልቅ የሚጣል፣ ጀርባው በታጠፈ ብረት የጠነከረ ስስ ምላጭ ይዘው መጡ። ዛሬ የሚሸጠው የጄም ምላጭ ውፍረት 0.23 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሁለት በኩል ስለት ያለው የተለመደው ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የእርስዎ ምላጭ ከእጥፍ በላይ ይወፍራል ማለት ነው። ስለዚህ በመላጫው ውስጥ አይታጠፍም፣ አይለመጥም፤ እንደ ተቀመጠ ይቆያል። ክዳኑ ሲዘጋ ሞላው ከኋላ የምላጩን ጀርባ ወደፊት ይገፋዋል፤ ስለቱም በመላጫው ራስ ሁለት የፊት ማዕዘኖች ላይ በቆሙት ጥቃቅን ማቆሚያዎች ላይ ተደግፎ ይቆማል። ስለቱ ምን ያህል ወደፊት እንደሚወጣ የሚወስኑት እነዚያ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ጉጦች ናቸው። አንዷ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ወደፊት ካዘነበለች ምላጩ ሰያፍ ይቀመጣል፤ ምላጩ የማይለመጥ በመሆኑም ያ ሰያፍነት ሳይቀንስ ፊትዎ ላይ ይደርሳል።

ምርመራው በጽዳት ይጀምራል። ምላጩን አውጥተው መላጫውን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማቆሚያዎቹ ሥር፣ ሞላው ሥርና ማጠፊያው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያውጡ። ለዓመታት የደረቀ ሳሙና ከኖራ ጋር ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር፣ በአንድ ማዕዘን ላይ የቀረ ቅርፊት ብቻውን ምላጩን ያዛባዋል። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ይፈልፍሉት፤ መርፌ ወይም የካቻቢቴ ጫፍ ኒኬሉን ይፍቀዋል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የመላጫው አካል በኒኬል የተለበጠ ናስ ነው፤ ታጥፎ በውስጡ ውጥረት የያዘ ናስ ደግሞ አሞኒያ ሲነካው ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። የእርስዎ ማቆሚያዎች በፋብሪካ የታጠፉ ናቸውና አደጋው በቀጥታ እነርሱን ይመለከታል።

ከጽዳቱ በኋላ ጉድለቱ የመላጫው ወይስ የምላጩ መሆኑን ይለዩ። የጄም ምላጭ ጀርባ በሁለቱም ገጽ እኩል ስለታጠፈ ምላጩን ገልብጠው ማስገባት ይቻላል፤ ስለቱ እንደ ነበረ ወደፊት ሆኖ በቀኝ የነበረው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል። ገልብጠው ያስገቡና ክዳኑን ዘግተው ይመልከቱ። ሰያፍነቱ ከምላጩ ጋር ወደ ግራ ከተሻገረ ምላጩ ጠማማ ነው፤ አሁንም በቀኝ ከቆየ ጥፋቱ የመላጫው ነው። እርስዎ ምላጭ ቀይረው ለውጥ ስላላገኙ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ሆኖም ሁለቱም ምላጮች ከአንድ ፓኬት የወጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሙከራውን አይዝለሉት።

ለማየት የተሻለው መንገድ ብርሃን ነው። መላጫውን በዓይንዎ ትክክል ይዘው ነጭ ግድግዳ ላይ ወደሚያበራ አምፖል ያዙሩት፤ በስለቱና ቆዳን በሚደግፈው የፊት ጠርዝ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ምላጩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ አንድ ወገን ከሰፋ ወይም ከጠበበ ሰያፍ ነው። ስፋቱን በግምት ለማወቅ ተራ የቢሮ ወረቀት ይበቃል፤ የአንዱ ቅጠል ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በግራው ጫፍ ስንት እጥፍ እንደሚያልፍና በቀኙ ስንት እንደሚያልፍ ያነጻጽሩ፤ ወረቀቱን ግን ከጎን እንጂ ከፊት ወደ ስለቱ አይግፉት፤ ስለቱን ያደንዘዋል፣ ጣትዎንም ይቆርጣል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክንያቶች እንምጣ። የመጀመሪያው የፊት ጠርዙ ራሱ መጣመሙ ነው፤ መላጫው የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ በማዕዘኑ ከወደቀ ይህ ይደርሳል። ምላጩን አውጥተው ጠርዙን በመስኮት መስታወት ላይ ቢያስጠጉት ብርሃን በየት በኩል እንደሚያልፍ ያያሉ። ሁለተኛው የሞላው መዳከም ነው። ክዳኑን ዘግተው በጥርስ መፋቂያ የምላጩን ጀርባ በቀኝም በግራም ቀስ ብለው ወደፊት ይግፉት፤ በአንዱ ወገን ምላጩ ወደፊት ከተንቀሳቀሰ በዚያ በኩል ሞላው ምላጩን እስከ ማቆሚያው አላደረሰውም ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይስታል፤ ትክክል የሚሠራውን ወገን አጥፊ አድርጎ ሌላውን የታመመ ወገን ጤነኛ ይለዋል። በእርስዎ መላጫ የግራው ጫፍ «ያለ አንዳች ሕመም» የሚላጨው ምላጩ በዚያ በኩል ወደኋላ ስለቀረ እንደሆነ ቀኙን ማጠፍ ስሕተቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ሦስተኛውና በጠረጴዛዬ ላይ አብዝቼ ያየሁት የማቆሚያዎቹ ችግር ነው። ምላጭ በገባ ቁጥር ስለቱ ናሱን ጥቂት ጥቂት እየበላ ይሄዳል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ በማቆሚያዋ ውስጠኛ ፊት ላይ በምላጭ የተከፈተ የፀጉር ያህል ጭረት ይገኛል። ባለቤቱ ምላጩን ሁልጊዜ በአንድ ወገን እያስቀደመ ያስገባ ከነበረ አንዷ ማቆሚያ ከሌላዋ ጠልቃ ትበላለች። ቁመናዋ ቀጥ ያለ ቢመስልም ምላጩ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ወደፊት ይወጣል። በዚያ በኩል ስለቱ ከክዳኑና ከፊት ጠርዙ መስመር አልፎ ስለሚወጣ ቆዳው ከመደገፉ በፊት ስለቱ ይደርስበታል፤ መቧጠጡም መድማቱም ከዚህ ይመጣል።

መድኃኒቱ ማቆሚያዋን ወደ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ መመለስ ነው። ናስ ግን በታጠፈ ቁጥር እየጠነከረና እየተሰበረ የሚሄድ ብረት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ማጠፍን ይችላል፤ ወዲያና ወዲህ ማመላለስን አይችልም። በወጣትነቴ በአዲስ አበባ የሰዓት ጥገና ስማር ይህ ተነግሮኝ ነበር፤ ሆኖም መላጫ መጠገን በጀመርኩበት ዓመት አንድ ደንበኛ ከአያቱ የወረሰውን መላጫ ይዞ መጥቶ፣ ማቆሚያዋን ከሚገባው በላይ አጥፌ ልመልሳት ስል በእጄ ላይ ተቆርጣ ቀረች። የተቆረጠች ማቆሚያ በስታኞ ብትበየድም የምላጩን ግፊት ለረጅም ጊዜ አትችልም፤ በመላጫው ራስ ላይ በስታኞ የተያያዘ ሌላ መገጣጠሚያ ካለም ሙቀቱ ሊፈታው ይችላል። ያን መላጫ እንደ ነበረ መመለስ አልቻልኩም፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። አንድ ያገለገለ ምላጭ ወስደው ስለቱን በመሳያ ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርገው ጥቂት ጊዜ በመሳብ ያደንዝዙት፤ በሥራው ጊዜ ሁሉ የሚጠቀሙት በእርሱ ይሆናል። የመላጫውን ራስ በወፍራም ቆዳ ላይ አስደግፈው፣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ጠንካራ እንጨት ማቆሚያዋን ከፊት ወደኋላ፣ ከጫፏ ሳይሆን ከወገቧ ላይ ይግፏት። ፒንሳ ካልተጠቀምኩ ካሉ መንጋጋውን በቆዳ ይሸፍኑ፤ ነገር ግን የፒንሳ ጉልበት ለዚህ ሥራ ይበዛል፣ እኔም ትቼዋለሁ። የመጀመሪያው ግፊት ምንም የለወጠ አይመስልም፤ ናሱ ስለሚመለስ ነው። ግፊቱን በትንሹ እየጨመሩ ከእያንዳንዱ በኋላ የደነዘዘውን ምላጭ አስገብተው በብርሃን ይመልከቱ። የሚፈለገው ለውጥ ከአንድ የወረቀት ቅጠል ውፍረት የማይበልጥ ስለሆነ ማቆሚያዋ ስትንቀሳቀስ በዓይንዎ ካዩ አብዝተዋል። መስመሩ እኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ያቁሙና በአዲስ ምላጭ ያረጋግጡ። ጥቂት ጎድሎ መቅረቱ አልፎ ከመሄዱ ይሻላል፤ የጎደለውን ነገም መጨመር ይቻላል። ሌላዋን ማቆሚያ በሞረድ ፍቆ ማስተካከልን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም፤ ምላጩ ቀጥ ይላል፣ ነገር ግን በሁለቱም በኩል ወደፊት ይወጣና ቀድሞ በአንድ ወገን የነበረውን መቧጠጥ በሁለቱም ያመጣል።

ጥፋቱ የሞላው ከሆነ ምላጩን አውጥተው የደከመውን የሞላ ምላስ በጣት ጫፍ ወደ ምላጩ ጀርባ በጥቂቱ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የፊት ጠርዙ ከሆነ በአውራ ጣትና በእንጨት ቀስ እያሉ ይመልሱት፤ መዶሻ አያስፈልግም። ጠርዙ ከስር ተሰንጥቆ ካገኙት ግን ሌላ መላጫ ይፈልጉ፤ ይህ ዓይነት በብዛት የተሠራ ስለሆነ ዛሬም አይጠፋም።

ስለ ምላጩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሕንፃ መሣሪያ መደብር ቀለም ለመፋቅ የሚሸጠው ባለ አንድ ስለት ምላጭ ከጄም ምላጭ ጋር በመልክ መንትያ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ስለቱ ግን ለቆዳ የተሳለ አይደለም፣ ጀርባውም በልኩ ላይገጥም ይችላል። አንዳንድ የ«ተበላሹ» መላጫዎች ጉድለታቸው ይህ ብቻ ሆኖ አግኝቻለሁ። ለመላጨት ተብሎ የተሠራውን፣ የማይዝገውንና ስለቱ በቴፍሎን የተቀባውን ይግዙ።

መላጫው ከተስተካከለ በኋላ አያያዝዎንም ይለውጡ። የመላጫውን ራስ ጠፍጣፋ ክዳን ሙሉ በሙሉ ጉንጭዎ ላይ ያስተኙ፤ ከዚያም ስለቱ ጺሙን መቁረጥ የሚጀምርበት ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ብቻ እጀታውን ጥቂት ያዘንብሉት። ይህ መላጫ ሲቆርጥ ይሰማል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ማዕዘኑ ትክክል ነው፣ ከጠፋ እጀታው ከልክ በላይ ዘንብሏል። አይጫኑት፤ የመላጫው ክብደት ይበቃል።

ስለ አንገትዎ ብጉር ደግሞ፣ እንደ እኛ ጠጉሩ የተጠቀለለ ሰው በብዙ ምላጭ ሲላጭ የመጀመሪያው ምላጭ ጠጉሩን ይስበዋል፣ ቀጣዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ ጠጉሩ ሲያድግ ተጠምዞ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል። አንዱ ምላጭ ከቆዳው ላይ ስለሚቆርጥ ወደዚህ መላጫ መዞርዎ ትክክል ነበር። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ጠጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ከተላጩ፣ ቆዳዎን ካልወጠሩና በአንድ ቦታ ደጋግመው ካልሄዱ ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት በእጅ ሲዳሰስ ጥቂት ሸካራ እንደሆነ ይተዉት። ያሉት ብጉሮች መግል ከያዙ ወይም ጠባሳ እየተዉ ከሆነ መላጨቱን አቁመው የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

ከጥገናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላጩ በግራው ጫፍ አንድ ጉንጭ፣ በቀኙ ጫፍ ሌላውን ጉንጭ ይላጩና በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን በጣትዎ ይዳስሱ። ልዩነት ካገኙ መስመሩን በብርሃን እንደገና ይመልከቱና የትኛው ወገን ስንት የወረቀት እጥፍ እንደሚያሳልፍ ጽፈው ይላኩልኝ።