የስቴት ሥራ «ቀበሌ» ነው ላሉት አባትህ

ሰላም ወንድሜ፣ ከቦስተን የላክልኝን አነበብኩት። ስቴት ሃውስ፣ ማለትም የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ የአንድ የስቴት ሴናተር ረዳት እንድትሆን ተጠይቀሃል፣ አባትህ ደሞ «ይሄማ ቀበሌ ነው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ያስተማርኩህ ዋሽንግተን እንድትገባ ነው» ብለው ተቆጥተዋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የማሳቹሴትስ ገቨርነር ስለነበረው ስለ ጆን አንድሩ ለትምህርትህ ፔፐር መሥራትህንም ነግረኸኛል።

ታዲያ ፔፐሩን ለሳቸው አታነብላቸውም? አንድሩ ጠበቃ ነበር፣ ከባርነት ላመለጡ ሰዎች ይከራከር የነበረ፣ የስቴት ምክር ቤት ውስጥም ብዙ አልቆየም። በጃንዋሪ 1861 ገቨርነር ሲሆን ጦርነቱ ገና አልተነሳም፣ እሱ ግን ሚሊሻውን ማዘጋጀት ጀመረ፣ ለወታደሩ ካፖርት ሳይቀር፣ ከዛ ሊንከን ኤፕሪል 15 ጦር ሲጠራ የማሳቹሴትስ 6ኛ ሬጅመንት በ17 መንገድ ጀምሯል። ዋሽንግተን እኮ ያኔ ጠባቂ ያጣች ከተማ ናት! ጥቁሮች ይዝመቱ ብሎም ወጥሮ ያዘ፣ በ1863 መጀመሪያ ፈቃድ አግኝቶ የጥቁር ወታደሮችን 54ኛ ሬጅመንት አቋቋመ። እኩል ይከፈላችኋል ተብለው ነው የገቡት፣ ደሞዙ ሲመጣ ግን ለነጩ በወር 13 ዶላር፣ ለነሱ 10፣ ከሱም ላይ 3 ለልብስ ተቆርጦ 7። አንድሩ ልዩነቱን ስቴቱ ይሙላ አለ፣ ምክር ቤቱም ፈቀደ፣ ወታደሮቹ ግን የፌደራል መንግሥቱ ራሱ ካልከፈለ አንቀበልም አሉ። ኮንግረስ እኩል ክፍያ የፈቀደው በጁን 1864 ነው። የሬጅመንቱ ሐውልት ከስቴት ሃውስ ፊት ለፊት ነው፣ አባትህን አንድ ቀን ውሰዳቸው።

እኔም እንጀራዬን የበላሁት ስቴት ቢሮ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ታዳላለህ ብትለኝ አልከራከርህም። ግን የሥራ አጥ ክፍያ ማመልከቻ፣ የነርስ ላይሰንስ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የኛ ሰው ሲቸግረው የሚሮጠው እዛ ነው።

የቤቱን ሞርጌጅ አግዝ መባልህን በተመለከተ፣ እርዳቸው፣ ልጅ ነህ። ግን ብድሩን የፈረሙት እሳቸው ናቸው፣ የወር ክፍያው ያንተን ሥራ መምረጥ የለበትም። ይሄን በአክብሮት፣ እናትህ ባለችበት ንገራቸው።

ጂፒኤህን፣ የኮሌጅ ውጤትህን፣ ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ማንም አይጠይቅህም። ስለ እንግሊዝኛ አክሰንትህም አትጨነቅ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ቢሮው ይፈልጋል።

አሁን ኢሜይል ጻፍላቸው፣ ደሞዙን በጽሑፍ አስልክ፣ ኢንሹራንሱ ከመቼ እንደሚጀምር ጠይቅና ሰኞ እሺ በላቸው።