ኮዱ እየሠራ ለምን ተመለሰ?

የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆኑ ጠያቂ፣ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት አንድ ክፍት ምንጭ የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያገኙትን ስህተት አርመው ፑል ሪኩዌስት (ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር እንዲዋሃድ የሚቀርብ ጥያቄ) ልከዋል። እርማቱ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠቀሙበት ኤዲተር ፋይሉን ሲያስቀምጥ አሰላለፉን በራሱ ስለለዋወጠው፣ የተላከው ለውጥ ከሦስት መቶ መስመር በላይ ሆነ። ከሜንቴነሮቹ (ፕሮጀክቱን ከሚያስተዳድሩት ሰዎች) አንዱ ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዘው ለውጥ እንዲወጣና የኮሚት (በኮዱ ታሪክ ውስጥ የሚመዘገብ አንድ ለውጥ) መልእክቱ በፕሮጀክቱ ደንብ እንዲጻፍ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠይቀው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፑል ሪኩዌስቱን ዘጉት። ጠያቂው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ፦ የሚሠራ ኮድ በባዶ ቦታና በመስመር ርዝመት ምክንያት መመለሱ አግባብ ነው ወይ? ሥራ ለመቀጠርስ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ጊዜ ማጥፋት ይጠቅማል?

ውድ ጠያቂ፣

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እኔ ከሜንቴነሩ ጋር ነኝ፤ ምንም እንኳ አዘጋጉ ትንሽ የተቻኮለ ቢመስለኝም። ሥራዎን የሚመረምረው ሰው ፊት የሚቀርበው አራቱ መስመር ሳይሆን ሦስት መቶው ነው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው አሰላለፍ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ የፕሮግራሙን ባሕርይ እንደሚቀይር ለመለየት እያንዳንዱን ማንበብ ይኖርበታል፤ ይህንንም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ያለ ክፍያ፣ ከመደበኛ ሥራው በተረፈው ሰዓት ነው። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው ጊት በተባለው መሣሪያ ውስጥ፣ ጊት ብሌም የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የተነካው በየትኛው ኮሚት እንደሆነ ያሳያል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ አስቸጋሪ ስህተት የሚያሳድድ ሰው አንድ መስመር ለምን በዚያ መልክ እንደተጻፈ የሚያጣራው በዚሁ መንገድ ነው። ፋይሉ ያለ ምክንያት እንደገና ከተሰለፈ ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ መስመሮች ላይ የሚያገኘው ስለ ምክንያቱ ምንም የማይነግረውን የእርስዎን ኮሚት ይሆናል። መላ ኮዳቸውን በአዲስ ፎርማተር (አሰላለፍን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ) ያስተካከሉ ፕሮጀክቶች የዚያን ኮሚት መለያ በፋይል መዝግበው ጊት ብሌም እንዲዘልለው የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ፋይል ላይ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች ገና ያልተዋሃዱ ለውጦችም ካሏቸው ከእርስዎ ጋር መጋጨታቸው አይቀርም።

ደንቦቹ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት የሚለያዩ መሆናቸው ምናልባት ዘፈቀደ አስመስሏቸው ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ ፔፕ 8 መስመር ከ79 ፊደል እንዳይበልጥ ሲል፣ ብላክ የተባለው የታወቀ የፓይተን ፎርማተር በነባሪነት 88 ይፈቅዳል። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ስምንት ፊደል ስፋት ባለው ታብ ይሰለፋል፤ የጎ ቋንቋ ደግሞ ጎፍምት የሚባል የራሱን መሣሪያ ይዞ በመምጣቱ ክርክሩን ከነጭራሹ ዘግቶታል። ከርነሉ ለረጅም ጊዜ በ80 ፊደል ላይ ሲያስጠነቅቅ የኖረውን የፍተሻ ስክሪፕት በ2020 ወደ 100 ከፍ ሲያደርግ፣ የጽሑፍ መመሪያው ግን 80ን ተመራጭ እንዳደረገ ቆይቷል። እንግዲህ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ይበልጥ እውነት አይደለም፤ አንድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የተስማሙባቸው ናቸው። «ፔፕ 8 እንዲህ ይላል» የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያራምድም፤ ምክንያቱም ያው መመሪያ ከአንድ ፕሮጀክት የራሱ ደንብ ጋር ሲጋጭ የፕሮጀክቱ ደንብ እንደሚቀድም ራሱ ይናገራል።

የተጻፈውን ደንብ ማግኘት ቀላል ነው፤ ኮንትሪቢዩቲንግ የሚለውን ፋይል፣ የኤዲተር ቅንብሩንና ከኮሚት በፊት የሚሠሩትን ፍተሻዎች ማየት ይበቃል። ከባዱ ያልተጻፈው ወይም ራቅ ብሎ የተጻፈው ነው። ለዚህ የምመክረው በቅርቡ የተዋሃዱ ፑል ሪኩዌስቶችን፣ ከእነሱም ይበልጥ ሳይዋሃዱ የተዘጉትን ከነውይይታቸው ማንበብ ነው፤ ለውጦቹ ምን ያህል አጭር እንደሆኑ፣ ፈተና (ትክክለኛነቱን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ) ያልተጻፈለት እርማት ምን እንደሚገጥመው፣ ኮሚቶች ከመዋሃዳቸው በፊት ወደ አንድ ይጨመቁ እንደሆነ ከዚያ ይታያል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ እንኳ ምርጫው ይለያያል። የከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ፓች (ለውጡን የያዘ ጽሑፍ) ሲላክለት ለየትኛው የኮድ ዛፍ (የኮዱ ቅጂ) እንደታሰበ በርዕሱ ላይ እንዲጠቀስ ይፈልጋል፤ በአንድ ፈንክሽን ውስጥ የሚታወጁ ተለዋዋጮችም ከረጅሙ መስመር ወደ አጭሩ እንዲደረደሩ ይጠይቃል። አዳዲስ ለውጦች ወደ ዋናው ከርነል በሚገቡበትና ሁለት ሳምንት ያህል በሚቆየው የማዋሃጃ ወቅት ደግሞ አዲስ ነገር የያዘ ፓች አይቀበልም፤ የፓቹ ጥራት ይህን አይለውጠውም። ኤስኪውላይት የተባለው የውሂብ ጎታማ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ በአጠቃላይ ከውጭ ሰው ፓች አይቀበልም። ይህን ሳምንት ሙሉ ከሠሩ በኋላ ማወቅ ያሳዝናል።

አንዳንድ ደንቦች ግን የአጻጻፍ ጉዳይ መስለው ሕጋዊ ክብደት ያላቸው ስለሆኑ ለይተው ይያዟቸው። ከርነሉ በእያንዳንዱ ፓች ግርጌ የሚጠይቀው የፊርማ መስመር፣ ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለዎት የሚያረጋግጡበትና ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የአስተዋፅኦ ስምምነት የሚያስፈርሙ ፕሮጀክቶችም አሉ። ተቀጥረው ወይም በተግባር ልምምድ ላይ ሆነው የሚጽፉት ኮድ የአሠሪዎ ንብረት ሊሆን ስለሚችል ውልዎን ሳያነቡ አይፈርሙ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኮድን በተመለከተም ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2024 ከልክሏል፤ ሌሎች ደግሞ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ አስቀድመው ያጣሩ።

አሁን ለያዙት ጉዳይ፣ ኤዲተሩ በሚያስቀምጥበት ጊዜ አሰላለፍ እንዳይለውጥ ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ ያጥፉትና ከዋናው ቅርንጫፍ አዲስ ቅርንጫፍ ያውጡ። ጊት ለውጦችን በቁራጭ እየመረጡ እንዲጨምሩ ስለሚፈቅድ አራቱን መስመሮች ብቻ ይውሰዱ፤ ስህተቱ ተመልሶ ቢመጣ የሚይዝ አንድ ፈተናም ይጨምሩ። የኮሚቱ ርዕስ በተለመደው ልክ፣ ሃምሳ ፊደል ገደማ ይሁን፤ ከሥሩ ምን እንደተቀየረ ከመተረክ ይልቅ ለምን መቀየር እንዳስፈለገ ያስረዱ፤ የተቀየረውን ኮዱ ራሱ ያሳያል። ከዚያ በተዘጋው ፑል ሪኩዌስት ላይ ያልተያያዘውን ለውጥ እንዳወጡ ገልጸው፣ እሱ እንዲከፈት ወይም አዲስ እንዲልኩ የትኛውን እንደሚመርጡ በአጭሩ ይጠይቁ። መልስ ቢዘገይ አንድ ሁለት ሳምንት ታግሰው አንዴ ማስታወስ ነውር የለውም። አስተያየቱ ስለ ኮዱ ትክክለኛነት ከሆነና እርስዎ ልክ ነኝ ካሉ በማስረጃ ይከራከሩ፤ ስለ ምርጫ ከሆነ ግን ይቀበሉ። ደንቡን ራሱን ማስለወጥ ከፈለጉ ጥቂት ሥራዎች ከተዋሃዱልዎ በኋላ ለብቻው ያንሱት።

ወደ ቅጥሩ ስንመጣ፣ የአስተዋፅኦ ብዛት ብቻውን የሚያስገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2020 የክፍት ምንጭ አስተዋፅኦን ለማበረታታት በሚዘጋጀው በሃክቶበርፌስት ወቅት ለቲሸርት ሲባል በተላኩ እርባና ቢስ ፑል ሪኩዌስቶች ሜንቴነሮች ከተጥለቀለቁ በኋላ፣ አዘጋጆቹ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ ደንቡን ለመቀየር ተገደዋል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ማንንም ቀጣሪ አያስደምምም። ሥራዎን በቁም ነገር የሚያይ ቀጣሪ ግን ውይይቱን ከፍቶ ያነባል፤ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤቱም ያለው የዕለት ተዕለት ሥራ ከዚህ ብዙ አይለይም። አስተያየት ተሰጥቶበት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተስተካክሎ የተዋሃደ አንድ እርማት ከሃያ የፊደል ግድፈት እርማት ይበልጥ ይናገርልዎታል። በሲቪዎ ላይ ችግሩን፣ መፍትሔውንና ሊንኩን በአንድ መስመር ያስፍሩ፤ በቃለ መጠይቅ ላይም ሜንቴነሩ ምን እንደጠየቁና ለምን እንደተቀበሉት ማስረዳት ይቻልዎ። ከ2022 ወዲህ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም የተከፈተው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድም ሆነ አውትሪቺ (ሁለቱም ጀማሪዎች እየተከፈላቸው በክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ናቸው) አመልካቾችን ሲመርጡ ቀደም ብሎ ለፕሮጀክቱ የተደረገ አስተዋፅኦ ትልቅ ቦታ አለው።

ይህ ሁሉ ሲባል በማንኛውም ፕሮጀክት ላይ ተጣብቀው ይቆዩ ማለቴ አይደለም። ደንብ ጥብቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ለሰው ንቀት ማሳየት ሌላ። የሚሰጡት መልሶች የሚያዋርዱ ከሆኑ፣ ወይም ባለፉት ጥቂት ወራት ከውጭ ሰው የመጣ አንድም ሥራ ካልተዋሃደ፣ ሳይቀየሙ ወደሌላ ይሂዱ፤ አዲሱን ሲመርጡም ከኮዱ በፊት ይህንኑ ይመልከቱ።