ፍርዱ ሳይጻፍ ድረሱላት፦ ከደሴ ለውጭ አገር ወገኖቼ

ከዳላስም ከለንደንም፣ እዚያው ከጅዳም የሚደውሉልኝ የወሎ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሄደችው እገሊት ሞት ተፈርዶባታል አሉ፤ ገንዘብ በየት በኩል እንላክ?» የደግ ሰው ጥያቄ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ነገር መጀመሪያ መጥቷል። ገንዘብ የሚያስፈልገው በመጨረሻው በር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን በሮች የሚከፍቱት ትክክለኛ ወረቀት፣ ደህና አስተርጓሚና ፍጥነት ናቸው። እኔ ሳውዲ አረቢያ ብዙ ዓመት ኖሬ፣ ለታሰሩ ወገኖች ሳስተረጉምና ማመልከቻ ስጽፍ ቆይቼ አሁን ደሴ ሸዋ በር ተቀምጫለሁ። ዛሬም ከቃሉና ከተሁለደሬ ወረቀት ጠቅልለው የሚመጡ ወላጆች በሬን ያንኳኳሉ።

ነገሩ የወሬ ማጋነን አይደለም። ኩዌት በጥር 2009 ዓ.ም. ሰባት ሰዎችን በአንድ ቀን ስትሰቅል አንዷ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሰባት ሰዎች ሲሰቀሉም ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊት ነበረችበት። የታሰሩት ሁሉ ንጹሐን ናቸው ማለቴ አይደለም። ሰው የሞተበት ቤት አለ፤ በዚያም ቤት የምታለቅስ እናት አለች። ይህን የሚረሳ ሰው ለእስረኛዋም አይጠቅማት፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ስም። በኮንትራት የሄደችውን እህታችሁን ስም በትክክል ታውቃላችሁ? ቀልድ አይደለም። ከወሎ ወደ ሳውዲ ከሄዱት ክርስቲያን ልጆች መካከል በደላላ ምክር በሙስሊም ስም ፓስፖርት ያወጡ አሉ። የአባትና የአያት ስም የተለወጠባቸው ሙስሊም ልጆችም አሉ። «አበበች» ብሎ ያሳደጋት ቤተሰብ እስር ቤት ውስጥ «ፋጡማ» ተብላ የተመዘገበችውን ልጅ በወራትም አያገኛትም። የኤምባሲ ሠራተኛም ቢሆን የሚፈልገው በዝርዝሩ ላይ ባለው ስም ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ሳለ፣ የፓስፖርቷን የመጀመሪያ ገጽ፣ ቪዛዋን፣ ኢቃማዋን (የመኖሪያ ፈቃዷን)፣ የኮንትራት ውሉን፣ የአሠሪዋን ሙሉ ስምና ስልክ በፎቶ አስልኳት። አንዱን ቅጂ እናንተ፣ ሌላውን ደሴ ያለ አንድ ማንበብ የሚችል ዘመድ ይያዘው።

የዕድሜው ጉዳይ ከስሙም ይብሳል። የስሪላንካዊቷን የሪዛና ናፊክን ታሪክ የማያውቅ ካለ ይወቀው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሳውዲ ውስጥ የምትጠብቀው ሕፃን ሞተ። እሷ ወተቱ ትን ብሎት ነው አለች፤ አንቺ ነሽ የገደልሽው ተባለች። ፓስፖርቷ የተወለደችው በ1982 ነው ይላል፤ የልደት ወረቀቷ ደግሞ 1988 ይላል። በልደት ወረቀቷ ከሄድን ሕፃኑ ሲሞት 17 ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ምርመራ ያስተረጎመላት ሰው ብቁ አልነበረም የሚል አቤቱታ ቀርቧል፤ የሰጠችውንም ቃል ኋላ ክዳለች። ምንም አላዳናትም። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. በሰይፍ ተገደለች። ለሥራ እንድትደርስ ተብሎ ፓስፖርት ላይ የተጨመረ ዕድሜ በፍርድ ቤት ለሞት ያደርሳል።

እኛም ዘንድ ያው ደላላ፣ ያው ዘዴ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ እንደ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ ዐረብ አገር ያሉት ልጆች ሲወለዱ የልደት ወረቀት አልተሰጣቸውም። ዕድሜያቸውን የሚመሰክርላቸው የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያምስ ከየቢሮው ብዙ ነገር ስለተዘረፈ፣ መዝገቡ የተረፈላችሁ ሰዎች ኮፒውን ቶሎ አስወጡ። ከታሰረች በኋላ የወጣ ወረቀት ይጠረጠራል፤ ከመታሰሯ በፊት የነበረ ወረቀት ግን ይመዝናል። የቀን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። በ1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ዓመቱ ሳይመለስ በውጭ አገር ቅጽ ላይ እንዳለ 1998 ከተጻፈ በአንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች። ወረቀቱ ተተርጉሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ካልሄደ ደግሞ ዳኛው ፊት ዋጋ የለውም።

ሻንጣውን አትርሱ። የእኛ እናቶች ልጃቸው ስትሄድ ክታብ በቆዳ አሰፍተው አንገቷ ላይ ያስራሉ፤ ሥር፣ ቅጠል፣ የሚታጠን ነገር በጨርቅ ቋጥረው ይሰጧታል። ፍቅር ነው፤ አልነቅፍም። ሳውዲ ውስጥ ግን ድግምት በሞት የሚያስቀጣ ክስ ነው። በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. አል-ጀውፍ በተባለው አውራጃ አንዲት ሴት በዚሁ ክስ በሰይፍ ተገድላለች። ማዳም ስትታመም ወይም ልጅ ሲታመምባት ያ ቋጠሮ ከሠራተኛዋ ፍራሽ ሥር ቢገኝ ምን እንደሚባል አስቡት። ዱዓውን፣ ጸሎቱን እዚሁ አድርጉላት፤ ቋጠሮው ይቅር። ለሰው የሚደርስ ዕቃም እንዲሁ። ፊሊፒናዊቷ ሜሪ ጄን ቬሎሶ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ የገባችው ሻንጣዋ ውስጥ 2.6 ኪሎ ሄሮይን ተደብቆ ነበር፤ አላውቅም ብትልም ሞት ተፈረደባት። በ2015 ልትገደል ሰዓታት ሲቀሯት ተረፈች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በታኅሣሥ 2024 ነው። የአክስት ልጅ የሰጠው ሻምፖም ቢሆን ይከፈት፤ ከተቀየመ ይቀየም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ልጅቱ ሌሊት ሌሊት በኢሞ ድምፅ ትልካለች፦ «አልተኛሁም፤ ሰውዬው ክፍሌ ይገባል፤ ደመወዝ ከተከለከልሁ ቆየሁ፤ ጆሮዬ ላይ ሰው ይናገራል።» እኛ ምን እንመልሳለን? «ቻይው፤ የደላላው ዕዳ አላለቀም።» ዋሽንግተን ያለ ወንድምም ይህንኑ ይላል፤ አፍሬ ነው የምነግራችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በዓለም ላይ በሞት ፍርድ ሥር ያሉ ሴቶች ከ500 እንደማያንሱ ገምተዋል። አብዛኞቹ የተፈረደባቸው በግድያ ነው፤ ከብዙዎቹ ታሪክ በስተጀርባም በራሳቸው ላይ የደረሰ ጥቃት አለ። ቻይ የተባለችው ልጅ የማትችልበት ቀን ይመጣል። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ «ሁሩብ» (ጠፍታ የኮበለለች) ብትባል፣ ብትታሰርና ብትባረር ይሻላል። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ ቆንስላ አለን፤ አድራሻውን ስልኳ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላቷ ውስጥ ታስቀምጠው፤ ስልክ ይቀማል። የላከቻችሁን ድምፅና ጽሑፍ ደግሞ አንዱንም አታጥፉ። ቀኑ ያለበት የድምፅ መልእክት ጥቃቱንም፣ የአእምሮ ሕመሙንም ለማስረዳት ጠበቃው እጅ ላይ የሚገባ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ከተያዘች የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላው ዓመታት ይበልጣሉ። የወጥ ቤት ዐረብኛ የፍርድ ቤት ዐረብኛ አይደለም። «ሩዝ ቀቅይ፣ ልብስ ተኩሽ» የሚለውን የምትሰማ ልጅ በምርመራ ክፍል «አስበሽበት ነው ወይስ ድንገት?» ስትባል ፈርታ «አዎ» ትላለች፤ አዎታዋ ይጻፋል፤ አውራ ጣቷ ቀለም ይነከርና ይታተምበታል። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል መገልበጥ ተራራ ነው። ስለዚህ ከአገር ሳትወጣ ሁለት ቃል ታጥና፦ «አብጋ ሙተርጂም፤ አብጋ ሲፋራ»፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ኤምባሲ እፈልጋለሁ። የሳውዲም የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ ጠበቃ እንዲኖራት ይፈቅዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36ም የታሰረ የውጭ ዜጋ ከፈለገ ለቆንስላው እንዲነገርለት ያዛል። በተግባር ግን ካልወተወታችሁ ማንም አይነግርላችሁም። በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደረሰበትን ቀን ያዙ። ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ እዚህ ላይ አውጡት፤ እዚያው አገር ፈቃድ ላለው ጠበቃ፣ በመጀመሪያው ሳምንት።

ፍርዱ ከወጣ ደግሞ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ ጠይቁ። ሳውዲ ውስጥ ሞት ሁሉ አንድ አይደለም። ቂሳስ (ነፍስ በነፍስ የሚባለው ፍርድ) ከሆነ የሟች ወራሾች፣ እኛ ባለደም የምንላቸው፣ ይቅር ማለት ይችላሉ፤ በነጻ ወይም በዲያ፣ ማለትም በደም ካሣ። በዕፅ ወይም መንግሥት በያዘው ሌላ ክስ ከሆነ ግን ባለደም የሚባል ሰው የለም፤ ለዲያ ብላችሁ የምትሰበስቡት ገንዘብ የሚሰጠው ሰው አይኖርም። ተስፋው ያለው በይግባኝና በምሕረት ልመና ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ አካውንት የሚከፍቱ ሰዎች አይቻለሁ። በቂሳስም ቢሆን ይቅርታው ሞትን ያስቀራል እንጂ ወዲያው አያስፈታም፤ በመንግሥት በኩል የሚቀር የእስር ዓመት አለ። ከወራሾቹ መካከል ሕፃን ካለም እስኪያድግ ይጠበቃል። ኢንዶኔዥያዊቷ ሲቲ ዘይነብ በ1999 እ.ኤ.አ. ታስራ የሟቿ ልጅ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ተጠበቀ፤ ደረሰ፤ ይቅር አላለም። በሚያዝያ 2015 ስትገደል መንግሥቷ እንኳ አስቀድሞ አልተነገረውም። ያ ሁሉ የጥበቃ ዓመት ለባዶ የሚያልፍ ሳይሆን ለእርቅ የሚሠራበት ነው።

እርቁን ወሎዬ ሊያስተምረው የሚገባ ነገር ነበር። አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አበጋሮቹ፣ ደም ሲያደርቁ እንዴት ይሄዳሉ? ዝቅ ብለው፣ ጥፋቱን ተሸክመው፣ በሟች ቤት ደጅ ተቀምጠው። ባለደም ተቆጥቶ ቢመልሳቸው ነገም ይመጣሉ። ሳውዲም ውስጥ የእርቅ ኮሚቴዎችና የጎሣ ሽማግሌዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ውጭ አገር ስንሆን ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የሟችን ቤተሰብ ፎቶ ለጥፈን «አረመኔዎች» እንላለን፤ እነሱም በስልካቸው ያዩታል። የመን ውስጥ ሞት የተፈረደባትን ህንዳዊት ነርስ የኒሚሻ ፕሪያን ጉዳይ ተከታትላችሁ ከሆነ፣ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ሊፈጸም የነበረው ፍርድ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ የሟቹ ወንድም ወጥቶ ዲያ እንደማይፈልጉ፣ ገዳይዋ እንደ ተበዳይ መቅረቧም እንዳስቆጣቸው ተናግሯል። ሰውዬው የተናገረው ይግባን። ጩኸት የሚጠቅመው መንግሥት ላይ ነው፤ ልቡ የቆሰለ ወራሽ ላይ አይሠራም። መጮኽ ካለባችሁ የራሳችንን ባለሥልጣናት ጠበቃ አቁሙላት ብላችሁ ወትውቱ። (በነገራችን ላይ አገራችንም የሞት ቅጣትን ከሕጓ አላወጣችም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈጸመችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ምሕረት ለመለመን የሚላክ ዲፕሎማት ይህ ጥያቄ ቢመጣበት ምን እንደሚመልስ ቢያስብበት ደግ ነው።)

ገንዘቡ። የዲያ መጠን በአደባባይ ከተነገረ ይወጣል እንጂ አይወርድም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሳቲናህ የተባለችውን ኢንዶኔዥያዊት ለማዳን የተከፈለው 7 ሚሊዮን ሪያል ነበር። ስለዚህ ዋጋው በጽሑፍ ስምምነት ሳይቋጭ መዋጮ አትጀምሩ። ሲጀመርም በአንድ ሰው ስም አይሁን፤ ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ እርቁ ቢፈርስ ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ። «ዛሬ ማታ ካልተላከ ነገ ትገደላለች» የሚል ስልክ ከመጣባችሁ ለኤምባሲና ለጠበቃው ሳትደውሉ አንድ ዶላር አትላኩ። በዚህ የሚነግዱ አሉ።

የመጨረሻው ስለ እናቷ ነው። መርዶ መደበቅ ባህላችን ነው፤ ፍርዱን ከወላጅ የምትሰውሩ ብዙዎች ናችሁ። «ደሴ ያለችው እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናት» ትላላችሁ። ሊሆን ይችላል፤ በሽማግሌ፣ በቀስታ፣ ቤተሰብ ከቧት ይነገራት። ለሟች እናት ከማንም ይልቅ የሚደርስላት ቃል የእስረኛዋ እናት ቃል ስለሆነ ደብዳቤው ከእሷ ይሂድ። «ልጄ አላደረገችም» የሚል ክርክር አይኑርበት፤ ክርክሩ የጠበቃው ነው። «ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው» ይበል፤ ሙስሊም ከሆነች ዱዓዋን፣ ክርስቲያን ከሆነች ጸሎቷን ትጻፍበት። ዐረብኛ ትርጉሙ ከአማርኛው ጋር አብሮ ይታሰር፤ የጣት አሻራዋ በሁለቱም ላይ ይኑር። ጠበቃው ሳያነበው ግን አይላክ፤ አንድ ያልታሰበበት ዓረፍተ ነገር ችሎት ላይ እንደ እምነት ቃል ሊቆጠር ይችላል።